ያ ቢጫ ነጥብ ምንድነው? ስንዴ ከዋግ ጋር ሲታገል

አንድ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አርሲ ውስጥ ያለ የአባቱ ስንዴ ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን ቢጫ ነጥብ አወጣ፣ ድንበር የሚጋራቸው ጎረቤት ማሳ ደግሞ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ መትቶት ቀልቷል፣ አባትየው «እኛንም ጀመረን» ብለው ኬሚካል ሊገዙ ነው። ልጅየው ደግሞ «ተክል ደም የለው፣ ነጭ የደም ሴል የለው፣ በምኑ ነው በሽታ የሚከላከለው? ዋግ ይቋቋማል የሚባለው ዝርያስ ምን አድርጎ ነው የሚቋቋመው? ከተቋቋመስ ለምን ከጥቂት አመት በኋላ ይመታል?» ብሎ ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ሳይንሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ አባትህ ብር ከማውጣታቸው በፊት ይሄን አድርጉ። ነገ ጤዛው ሲረግፍ ማሳ ግባና ነጥብ ያለበትን ቅጠል በአውራ ጣትህ ሸት ሸት አድርገው። ጣትህ ላይ ዱቄት ከቀረ ዋጉ ገብቶ ወልዷል ማለት ነው፤ ዱቄቱ የሸክላ ቀለም ካለውና አገዳውን ስትዳስሰው ቆዳው ተቀዶ የሚሻክር ከሆነ የግንድ ዋግ ነው፣ እርድ መስሎ በቅጠሉ ርዝመት መስመር መስመር ከሰራ ቢጫ ዋግ። ነጥቡ ሰፋ ብሎ መሀሉ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ከመሰለ ደግሞ ሴፕቶሪያ ነው፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ጣትህ ንፁህ ከሆነ ግን ቆይ፣ አትቸኩሉ። ገና የጀመረ ዋግም መጀመሪያ ላይ እንደዛው ገርጣ ያለ ነጥብ ነው የሚመስለው፣ ዱቄቱ የሚፈነዳው ከገባ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ አምስት ስድስት ቅጠል ላይ ክር እሰርና በየሶስት ቀኑ እየተመለስክ እየው። ዱቄት ማውጣት ከጀመረ ያኔ ሳትውሉ ሳታድሩ ትረጫላችሁ። ነጥቡ እንዳለ ደርቆ ከቀረ ግን ስንዴው አሸንፏል። ያ ነጥብ የሞቱ ሴሎች ክምችት ነው፣ የገደላቸው ደግሞ ዋጉ ሳይሆን ስንዴው ራሱ ነው።

አዎ ራሱ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ደም የለውም ያልከው ልክ ነህ። እኛ ጋ ነጭ የደም ሴል እየዞረ ይጠብቃል፣ ተክል ውስጥ ግን ሴሉ ሁሉ በግድግዳ የታጠረ ነው፣ ከተፈጠረበት ንቅንቅ አይልም፣ ማንም ሮጦ ለማንም አይደርስም። ፖሊስ ጣቢያ የሌለው መንደር በለው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አጥር የራሱ ውሻ የራሱ ዱላ ያለው። ስለዚ አንዲት የቅጠል ሴል ጠላት መጣ ብላ የማወቅም፣ አጥር የማጠናከርም፣ መርዝ የመቀመምም፣ መጨረሻ ላይ ራሷን የማጥፋትም ስራው ሁሉ የሷው ነው። እና ደግሞ እነዚህን ሁሉ የምታደርገው ምግብ እየሰራች ጎን ለጎን ነው።

አሁን ዋጉ እንዴት እንደሚገባ እንይ፣ ይሄ ካልገባ መከላከሉም አይገባም። በነፋስ የመጣች አንዲት ስፖር (የዛ ዱቄት አንዷ ቅንጣት፣ የፈንገሱ ዘር በላት) ቅጠል ላይ ታርፋለች። ውሃ ትፈልጋለች፣ ስድስት ሰባት ሰአት የሚቆይ ጤዛ ካገኘች ማታውን ትበቅልና ቀጭን ክር ታወጣለች። ክሩ አይን የለውም፣ የቅጠሉን ወጣ ገባ እየዳበሰ ነው የሚሄደው፣ ዳብሶ ዳብሶ ቅጠሉ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ያቺ የቀዳዳዋ ከንፈር ከፍታ ትነግረዋለች፣ እዛው ላይ ያብጥና ይለጠፋል። የግንድ ዋግ ከሆነ ሲነጋ ብርሃን ሲመጣ ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። ከዛ በሴሎቹ መሀል ይዘረጋና ከየሴሉ ግድግዳ ቀዳዳ አበጅቶ ጣት የመሰለ መምጠጫ ያስገባል፣ ሀውስቶሪየም ይባላል። ልብ በል፣ የሴሉን የውስጥ ሽፋን አይበጥሰውም፣ ፊኛ ላይ ጣትህን ስትጫን ፊኛው ሳይፈነዳ ጣትህን እንደሚያቅፈው ነው። ለምን አይበጥሰውም? ሴሉ እንዲሞትበት ስለማይፈልግ። ዋግ ሬሳ አይበላም፣ የሚበላው በህይወት ካለ ሴል ብቻ ነው። ይቺን ያዝልኝ፣ የቀረው ሁሉ የሚዞረው እሷ ላይ ነው።

ሁሉም ፈንገስ ግን እንዲህ አይነት ጨዋ ሌባ አይደለም፤ ዳጉሳንና ሩዝን የሚያቃጥለው ብላስት የሚባለው ቀዳዳ አይፈልግም፣ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ውስጡ እስከ 8 ሜጋፓስካል ግፊት ያከማቻል፣ ይሄ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከ30 እጥፍ በላይ ነው፣ ከዛ በዛ ግፊት ቅጠሉን ወግቶ ይገባል። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው፣ ያ ገብስ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለው ነጩ በሽታ፣ እሱም ቀጥታ የላይኛውን ሴል በስቶ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ተክሉ ሌባውን የሚያውቀው በልብሱ ነው። የፈንገስ ግድግዳ ካይቲን የሚባል ነገር አለው፣ የአንበጣና የጥንዚዛ ቅርፊት የተሰራበት ነገር ማለት ነው፣ ተክል ደግሞ ካይቲን የሚባል በሰውነቱ የለውም። ስለዚ የካይቲን ቁራጭ ከተገኘ ባዕድ ገብቷል ማለት ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ጃፓኖች በፈረንጆቹ 2006 ሩዝ ላይ ይቺን የካይቲን ቁራጭ የምትጨብጠውን ፕሮቲን ለይተው አወጧት (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው)። ፕሮቲኗ ካይቲኑን ስትጨብጥ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይገባል፣ ቁስል የምናጥብበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይመረታል፣ ደግሞ የፈንገሱን ግድግዳ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይወጣሉ። ቁርጥራጩ ራሱ ተመልሶ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር አጥር መለጠፍ ነው፣ እሱን እንኳን ሳወራልህ አይሰለቸኝም ምክንያቱም በአይኔ ያየሁት ነው። ተማሪ እያለሁ ገብስ ላይ ይሄን ነጭ በሽታ እናራግፍና በማግስቱ ቅጠሉን ቆርጠን አልኮል ውስጥ እንነክረዋለን፣ አረንጓዴው ሁሉ ለቆ ቅጠሉ ላስቲክ እስኪመስል ይነጣል። ከዛ ቀለም ነክረህ ማይክሮስኮፕ ስር ስታስገባው አንዷ ስፖር ክሯን አውጥታ ጫፏ እንደ መንቆር ተቆልምሞ ሴሉ ላይ ተተክላለች፣ ልክ ከስሯ በሴሉ በኩል ደግሞ የተለጠፈ እብጠት አለ፣ ግማሽ ሉል ነገር። ፓፒላ ይባላል። ካሎዝ የሚባል ስኳር ነክ ነገር አለበት፣ ለሱ የሚሆነውን ቀለም ቀብተህ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ስታየው ጨለማው ውስጥ ነጥብ ነጥብ እያለ ያበራል። ህያው ቅጠል ላይ ደግሞ የሚገርመው ሌላ ነው፣ ፈንገሱ መቦርቦር ሲጀምር የሴሉ ፈሳሽ ወደዛች ነጥብ ይጎርፋል፣ ኒውክለሱ ሳይቀር ከነበረበት ተነስቶ እዛ ሄዶ ይቆማል፣ የቤቱ ባለቤት ራሱ በሩን በጀርባው ሊደግፍ እንደመጣ። ፈንገሱ ከአረፈ ከ12 እስከ 15 ሰአት ባለው ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ ትግል የሚያልቀው። ፓፒላው ቀድሞ ከጠነከረ አበቃ፣ ስፖሯ የያዘችው ስንቅ ያልቅባትና እዛው ትደርቃለች፣ ሴሉም አይሞትም፣ ነጥብም አይታይህም።

እዚ ላይ የሀገራችን ገብስ ይገባል። ገብስ ውስጥ ኤምኤልኦ የሚባል ጂን አለ፣ ስራው ይሄን የፓፒላ ነገር ረገብ ማድረግ ነው፣ ፈንገሱም ለመግባት እሱን ነው የሚመካው፣ የውስጥ አዋቂ በለው። ይሄ ጂን ከተሰበረ ፓፒላው ቶሎና ወፍሮ ስለሚሰራ ፓውደሪ ሚልዲው አይገባም በቃ። ጀርመኖቹ ፍራይስሌበንና ላይን በ1942 ገብስ በኤክስሬይ መትተው እንዲህ የተሰበረበትን ተክል አገኙ። በኋላ ግን ምን ተገኘ መሰለህ፣ በ1937 እና 38 ጀርመን አሳሾች ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ሰብስበው የወሰዱት ገብስ ውስጥ ያው ጂን ያለ ማንም ኤክስሬይ ተሰብሮ ቁጭ ብሏል። ደጋ ላይ በአያቶቻችን እጅ ሲዘራ የኖረ ነው። ከ1979 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ወደሚዘሩ ዝርያዎች ገባ፣ ዛሬ እዛ በፀደይ የሚዘሩት ብዙዎቹ የቢራ ገብሶች ከኛው ወይም ከተመሳሳዩ ነው መከላከያቸውን የያዙት፣ ይሄን ያህል አመት ተዘርቶ ደግሞ በሽታው እስካሁን አልጣሰውም። ጂኑ ራሱ ተነጥሎ የታወቀው በ1997 ነው። ነፃ ግን አይደለም፣ የውስጥ አዋቂው ሌላም ስራ ነበረው ማለት ነው፣ ጂኑ የተሰበረበት ገብስ አንዳንዴ ያለ ምንም በሽታ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ምርቱም ትንሽ ቀነስ ሊል ይችላል፣ ለብላስት ደግሞ ይበልጥ ይጋለጣል። አጥር ስታጠብቅ ሌላ በር ይከፈታል።

ወደ ዋግህ ልመለስ። ዋግ እነዚህን አጥሮች አልፎ ሀውስቶሪየሙን ሲያስገባ ዝም ብሎ አይመጥም፣ በዛ በኩል በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ወደ ሴሉ ይረጫል፣ ስራቸው ሴሉን ማደንዘዝ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት ስኳሩን ወደሱ ማዞር ምናምን። ስንዴ ደግሞ ለነዚህ ማደንዘዣዎች ነው የውስጥ ዘበኛ ያስቀመጠው። የዳቦ ስንዴ ውስጥ እንዲህ አይነት የዘበኛ ጂኖች ከሺህ በላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ ዘበኛ ግን የሚያውቀው አንድ ወይም ጥቂት ፊት ነው። ኤስአር 35 የሚባለውን ልንገርህ። ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የመጣ ነው፣ ጂኑ በ2013 ተለየ፣ በ2022 ደግሞ ቅርፁን አይተው ምን እንደሚሰራ ታወቀ። የዋጉን ፕሮቲን ሲያገኝ አምስት ዘበኞች አምስት የዋግ ፕሮቲን ይዘው ክብ ሰርተው ይገጣጠማሉ፣ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ቀለበት ነገር፣ ያ ቀለበት በሴሉ ሽፋን ላይ ይተከልና ካልሲየም ይጎርፋል፣ ሴሉ ይሞታል።

ለምን ይሞታል? ዋግ ሬሳ አይበላም ብዬህ የለ። መምጠጫውን የተከለበት ሴል እላዩ ላይ ሲሞትበት ማእዱ ተገለበጠ። ጎጆ ሲቃጠል እሳቱ እንዳይዛመት የጎረቤቱን ክዳን እንደሚያፈርሱት ነው። ዘበኛው ፈጣን ከሆነ የሚሞቱት ጥቂት ሴሎች ናቸው፣ በአይን አይታይህም ወይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ናት፤ ትንሽ ከዘገየ ነጥቡ ይሰፋል፣ አንዳንዴም መሀሉ ላይ ትንሽዬ ዱቄት ያወጣል፣ ዙሪያው ግን የገረጣ ነው። የዋግ ባለሙያዎች ከ0 እስከ 4 ቁጥር የሚሰጡት ይሄን ነው። የአባትህ ማሳ ላይ ያየኸው ነጥብ እንዳለ ደርቆ የሚቀር ከሆነ እንግዲህ ይሄ ነው፣ የጎረቤቱ ደግሞ ዘበኛ የሌለው ነው፣ ስፖሩ ከዛ ወደናንተ በየቀኑ እየበነነ ይመጣል፣ ስንዴያችሁም በየቀኑ እየገደለው ነው።

ከዘበኞች ሁሉ በፍቅር የማየው ግን የማሽላውን ነው፣ ጥያቄህ ባይሆንም ታገሰኝ። አንትራክኖስ የሚባለው ፈንገስ ማሽላ ቅጠል ላይ ሊገባ ሲሞክር የተነካችው ሴል ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች ይታያሉ፣ መጀመሪያ ቀለም የላቸውም፣ እየቆዩ ብርቱካናማ ከዛ ቀይ ይሆናሉ፣ ውስጣቸው የተቀመመ መርዝ ነው። እነዚህ ከረጢቶች ተንቀሳቅሰው ፈንገሱ ወደሚበሳበት ቦታ ይሰበሰቡና እዛው ይፈነዳሉ፣ ፈንገሱም ይሞታል፣ ሴሏም አብራ ትሞታለች። ይሄ በማይክሮስኮፕ ታይቶ በ1990 ተፅፏል። የማሽላ ቅጠል ላይ የምታየው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ጠባሳ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ በሽታው ሳይሆን ይሄ የፈሰሰ መርዝ ቀለም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄህ፣ «ከተቋቋመ ለምን ይመታል?»። ፍሎር የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ በተልባ ዋግ ላይ ሰርቶ ነው ነገሩን የፈታው፣ አዎ የኛው ተልባ፤ ለእያንዳንዱ የተክል ዘበኛ በዋጉ በኩል እሱ የሚያውቀው አንድ ፊት አለ። ታዲያ ዋጉ ያቺን አንዷን ፊት ከቀየራት ወይ ከጣላት ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ኤስአር 35ን ያመለጠ ዋግ ሲመረመር ያቺ የሚታወቅባት ጂኑ መሀል ሌላ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቶ አበላሽቷታል፣ ያቺን ብቻ። ዋግ በአንድ ማሳ ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ስፖር ያወጣል፣ ከዛ ሁሉ ውስጥ አንዱ ከተሳካለት ነገ ሀገር የሱ ነው። በ1998 ኡጋንዳ ላይ የተገኘው ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ ዘር አለም ሁሉ ተደግፎት የነበረውን ኤስአር 31 የሚባል ዘበኛ የጣሰው እንዲህ ነው።

የኛን ደግሞ አባትህ ያስታውሱታል፣ ጠይቃቸው። በ2010 ቢጫ ዋግ መጥቶ ኩብሳና ገላማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ጠራርጎ በላ። ከዛ ገበሬው ዲገሉ ወደሚባለው ዞረ፣ ቢጫ ዋጉን ችሏል፣ ዩጂ 99ንም ችሏል፣ ሁሉም እሱን ዘራ፣ ባሌ ብትሄድ ዲገሉ አርሲ ብትሄድ ዲገሉ። በ2013 መጨረሻ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣ፣ ዩጂ 99 አልነበረም፣ ዲገሉ የያዘውን አንድ ዘበኛ ጂን አለፈው፣ አንዳንድ ቦታ የሚታጨድ ጠፋ። ዝርያው መጥፎ አልነበረም። አንድ ቁልፍ ለሁሉም ቤት መስራታችን ነበር ጥፋቱ፣ እና ይሄን ስል የምርምሩን ሰው እየወቀስኩ አይደለም፣ የዘር አቅርቦቱ፣ ገበሬው የጎረቤቱን አይቶ መዝራቱ፣ ሁሉም አለበት።

እሺ ታዲያ ራስን ማጥፋት ጥሩ ከሆነ ሁሉንም ስንዴ ቶሎ የሚሞት አናደርገውም? እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሬሳ የሚበሉ ፈንገሶችም አሉ፣ እነሱ ጋ ራስህን ስትገድል ግብዣ ነው። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቪክቶሪያ ከሚባል አጃ የተዳቀሉ ዝርያዎች ዋግ ይቋቋማሉ ተብለው በሰፊው ተዘሩ፣ ከጥቂት አመት በኋላ አንድ እስከዛ ብዙም የማይታወቅ ፈንገስ መጥቶ እነዚያን ዝርያዎች ብቻ እየመረጠ ፈጃቸው። ሲጠና ፈንገሱ የሚያመነጨው መርዝ ያንኑ ዋግ የሚከላከለውን ዘበኛ እየቀሰቀሰ ተክሉ ራሱን እንዲገድል ነው የሚያደርገው። ዘበኛውን በሀሰት ጥሩምባ ቤቱን እንዲያፈርስ አደረገው።

ስለዚ አሁን የሚሰራው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ብዙ ዘበኛ አንድ ዝርያ ላይ መደራረብ ነው፣ ዋጉ ሶስት አራት ፊት ባንዴ መቀየር ስለሚከብደው። ሌላው ጮሆ የማይገድል፣ ቀስ አድርጎ የሚያዘገይ መከላከያ ነው፣ ከነዚህ ታዋቂው ኤልአር 34 ነው፣ በ2009 ነው ጂኑ የታወቀው፣ ዘበኛ አይደለም፣ በሴሉ ሽፋን ላይ ነገር የሚያሻግር ፕሮቲን ነው። ቡቃያ ላይ እምብዛም አይሰራም፣ ስንዴው ሲጎለምስ ነው የሚታየው፣ ዋጉ ይገባል ግን ይዘገያል ዱቄቱም ያንሳል። የቅጠል ዋግንም ቢጫ ዋግንም ፓውደሪ ሚልዲውንም ያዘገያል፣ ከመቶ አመት በላይ ሲዘራ ኖሮ አልተጣሰም። ምልክቱ ደግሞ በአይን ይታያል፣ ዛላ ሊያወጣ ሲል የላይኛው ቅጠል ጫፉ ይደርቃል። ገበሬ ሲያየው «ውሃ አነሰው» ወይ «ማዳበሪያ አቃጠለው» ይላል፣ እኔም አንድ ጊዜ ሳላውቅ ለአንድ ሽማግሌ እንደዛ ብዬ መክሬ በኋላ አፍሬያለሁ። እሱን ብቻውን ግን አትመካበት፣ ዋጉ ከበረታ ብቻውን አያድንም።

አባትህን የዘሩት ዝርያ ስሙ ማን እንደሆነና ዘሩን ከየት እንዳመጡት ጠይቃቸው፣ ከገበያ የተገዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቅይጥ ነው፣ ያኔ አንዱ ስንዴ ነጥብ ብቻ ሲያወጣ አጠገቡ ያለው ይቀላል። ፎቶ ስትልክ የቅጠሉን ጀርባም አንሳው፣ አገዳውንም ጨምርበት፣ ደግሞ ከጎረቤት በኩል ያለውን ዳርና የማሳውን መሀል ለየብቻ አድርገህ ላክልኝ።